ከታች የተኛው ጭቃ

የዓሣ እርባታ ባለሙያዋ ዛሬ እጇን ውሃው ውስጥ አልነከረችም።

ባለፈው ወር ስትመጣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ ከኩሬው ጠርዝ ቁጢጥ ብላ እንደ ልጅ ስታንቦጫርቅ ነበር። ዓሣዎቹ ምግብ የመጣላቸው መስሏቸው ጣቶቿን ሲለቃቅሙ ሳቋ አጥር ዘሎ ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል። ስምንት ዓሣ በመረብ አስወጥታ በበረዶ ሳጥን ካሸገች በኋላ፣ ዘጠነኛውን ባለኩሬው ራሱ ጠብሶላት ቁጭ ብላ በልታ፣ «አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ» ብላ መርቃው ነበር የሄደችው። ዛሬ ከውሃው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ሰማያዊውን ማኅደር አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ብብቷ ታደርገዋለች። ባለኩሬው የሚያየው ፊቷን ሳይሆን ጫማዋን ነው። ክፉ ወሬ የያዘ ሰው እግሩ ወደ በር ይዞራል፤ የሷም ዞሯል።

«ይቀመጡ እስቲ አባቴ» አለችው፣ በገዛ ግቢው።

የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«የላብራቶሪው ውጤት ደርሷል። ስምንቱም ዓሣ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። ብረቱን ነው የምልዎት፣ ከባዱን ብረት።» ወረቀቱን አወጣች። «ከላይ የሚዋኙት ቆሮሶዎቹ ትንሽ ይሻላሉ። ከሥር የሚኖሩት አምባዛዎቹ ግን ሥጋቸው ራሱ ከሚፈቀደው አራት እጥፍ ይዟል። ጉበታቸው…» ቁጥሩን እያወቀችው እንደገና አየችው። «ጉበታቸው አሥራ አንድ እጥፍ ነው።»

ጉበት የሚለውን ቃል ሲሰማ ባለኩሬው ዓይኑን ከጫማዋ ላይ አነሣ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዓሣው ታሞ አያዩትም» ቀጠለች ባለሙያዋ፣ ሰው ላለማስደንገጥ በሚመረጥ ዝግ ያለ ድምፅ። «ይበላል፣ ያድጋል፣ ይወፍራል። እርሳሱ ግን አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ ይጠራቀማል። ዓሣውን የሚበላ ሰውም እንደዚያው ነው። ለኔና ለእርስዎ ዓይነቱ እንኳ ግድ የለም፤ የሚያሳስበው የልጆች ነው። አእምሯቸው ላይ ነው የሚሄደው። መናገር ይዘገያሉ፣ ትምህርት አልገባ ይላቸዋል።» ወረቀቱን አጠፈችና፣ «እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ሳይመረመር ቁጭ ብዬ መብላቴ፣ ለሰው ሁሉ ደግሞ እሰይ እንደዚህ ያለ ዓሣ ብዬ ማውራቴ» አለች።

«አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ» አለ ባለኩሬው።

«መዋእለ ሕፃናቱ በየሮቡ ከእርስዎ ነው አይደል የሚወስደው?»

«ከኔ ነው። የምታበስልላቸውም ልጄ ናት።»

ባለሙያዋ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ገለጠች። ከዚህ ወጥታ በቀጥታ ወደ መዋእለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር እንደምትሄድ፣ የልጆቹ ሁሉ ደም እንደሚመረመር፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ኩሬ አንድም ዓሣ እንዳይወጣ ነገረችው። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ግቢውን አየች። የተጠረገ መሬት፣ በተራ የተደረደረ ባልዲ፣ በሚስማር ተሰቅሎ የሚደርቅ መረብ። እንዲህ ያለ ንጹህ ግቢ ውስጥ ምን ትፈልግ?

«ከየት መጣ ግን? ምንጩ ካልተገኘ ኩሬውን ብንደፍነው ከንቱ ነው። እርስዎ የሚጠረጥሩት ነገር አለ?»

ባለኩሬው አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ምላስ ጫፍ ላይ የቀረ እውነት ምን ይረባል! አፉን መልሶ ገጠመና ዓይኑን ከአጥሩ ማዶ፣ ከፍ ብሎ ወደሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያ አሻገረ። አንዴ ብቻ ነው ያየው። ወዲያው መለሰው። የሷ ዓይን ግን ተከትሎት ሄዷል።

«እዚያ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«የመኪና ቀለም።» ይኸ ውሸት አልነበረም።

«ይኸ ወደ ኩሬው የሚገባው ቦይ ከዚያ ነው የሚወርደው?»

«በክረምት።» ይኸም ውሸት አልነበረም።

ጻፈች። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማው ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የዓይን ወለምታስ በምን ይታሻል? ባለሙያዋ ወረቀቱን ባልዲው አጠገብ አስቀምጣ፣ ስልኳን ከጥጉ ላይ ጽፋለት፣ «አይዞዎት፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ብላው ወጣች። ይኸን ባትለው ይሻል ነበር።

የምግብ ሰዓታቸው ደርሶ ኖሮ ዓሣዎቹ ከውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ባለኩሬው ከባልዲው አልተነሣም።

ከዓሣ በፊት የባትሪ ሰው ነበር። ገበያው ጥግ፣ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት የመኪና ባትሪ ጠግኗል። ሥራው ይኸው ነው፤ የባትሪውን ክዳን በጋለ ብረት ይከፍታል፣ አሲዱን ይገለብጣል፣ የእርሳስ ፕሌቶቹን አውጥቶ ያጥባል፣ የሞተውን ይለውጣል። ከሣጥኑ ሥር የሚተኛውን ጥቁር ጭቃ ደግሞ አራግፎ በጆንያ ያኖራል። ያ ጭቃ ከፕሌቶቹ እየረገፈ የወረደ እርሳስ ነው። በየወሩ የጭነት መኪና ይዞ እየመጣ ለማቅለጥ የሚገዛው አንድ ሰውዬ ነበረ፤ ሱቋ ስለማትበቃ ባለኩሬው ጆንያዎቹን እቤቱ ጓሮ ያጠራቅምለታል። ሰውዬው አንድ ወር ቀረ። ሁለት ወር ቀረ። ከዚያ እስከ ወዲያኛው ቀረ። አርባ ምናምን ጆንያ ግን ጓሮ ውስጥ ቆሞ ቀረ።

አንድ ቀን፣ ገና መዳህ የጀመረች ሴት ልጁ እጇን እስከ ብብቷ ከቀዳዳ ጆንያ ውስጥ ከትታ ተገኘች። በዚያው ሳምንት ከግቢው የታችኛው ጥግ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሁሉንም ቀበረው። ለልጁ ብሎ ነው። ይኸ እውነት ነው፣ ማንም አይወስድበትም። ያን ለት ማታ እንደ አርቆ አሳቢ ራሱን አመስግኖ ነው የተኛው።

ዓመታት አለፉ። የማይከፈት፣ የማይጠገን፣ ሲሞት የሚጣል ባትሪ ገበያውን ሞላው፤ ሙያው እጁ ላይ ሞተ። ሰው በሃምሳ ዓመቱ ሌላ ሙያ ይማራል? እሱ ተማረ። የዓሣ እርባታ ሥልጠና አሥር ቀን ተቀመጠና፣ ኩሬ ውሃ በሚተኛበት ዝቅ ባለ ቦታ ይቆፈራል ተባለ። በግቢው ውስጥ ዝቅ ያለው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጉድጓዱ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ይላል ብሎ ነበር፤ በሰው ልብ የተለካ ነገር ሁልጊዜ ፈቀቅ ይላል። በሦስተኛው ቀን የቆፋሪዎቹ ዶማ ጥቁር አፈርና የጆንያ ብጣሽ ይዞ ወጣ። «የድሮ አመድ ነው» አላቸውና ሂሳባቸውን ሰጥቶ አሰናበታቸው። የቀረውን ብቻውን ጨረሰ። ገሚሱን ጭቃ ከታችኛው የአፈር ግድብ ውስጥ ጠቀጠቀው፤ ገሚሱን እዚያው ተወውና በላዩ አንድ ክንድ ያህል ቀይ ሸክላ አልብሶ በእግሩ ረገጠው።

ያኔ ሚስቱ በሕይወት ነበረች። የሚጠጣ ውሃ ይዛለት መጥታ ከጉድጓዱ አፍ ቆመች።

«ይኸን ነገር ከዚህ አርቀው» አለችው።

«ምን ያደርጋል? ከታች ከተኛ ምንም አያደርግም። ባትሪ የሚሞተው ጭቃው ተነሥቶ ፕሌቱን ሲነካ ነው።»

ይኸን የባትሪ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሥር የተኛ ጭቃ እስከተኛ ድረስ ማንንም አይነካም፤ እርሳስ ከባድ ነው፣ ከባድ ነገር ይወርዳል፣ ከወረደ አይመጣም። ሃያ ሁለት ዓመት ያበላው ዕውቀት ነበር። አንድ ነገር ግን ረሳ። ባትሪ ሥር የሚኖር ፍጥረት የለም። ኩሬ ሥር አምባዛ አለ፤ ቀኑን ሙሉ በጢሙ መሬቱን ሲፈትሽ፣ በአፉ ጭቃውን ሲያገላብጥ፣ ያገኘውን ሲውጥ የሚውል።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ለሰው ልጅ የተሰጠ ነው። የሚያሳፍረው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አምና ኩሬውን ለማጽዳት ውሃውን ሲያጎድል፣ ሸክላው በሦስት ቦታ ተበልቶ ጥቁሩ ከሥር ወጥቶ አየ። በዓይኑ በብረቱ አየ። አንድ እሑድ ሙሉ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ዋለ። ሰኞ ውሃውን መልሶ ሞላ።

ሴት ልጁ ከወትሮዋ ቀድማ፣ ገና ፀሐይ አናት ላይ ሳለች መጣች። የመዋእለ ሕፃናቱን የማብሰያ ሽርጥ እንኳ አልፈታችም። የሦስት ዓመት ተኩል ልጇን በእጇ እየጎተተች ገብታ፣ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች።

«ሰማህ አይደል አባዬ?»

«ሰማሁ።»

«እናቶቹ ሁሉ መጥተው ልጆቻቸውን ወሰዱ። አንዷም አልጮኸችብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለው የልጆቻቸውን ጫማ አሰሩና ሄዱ።» ሽርጧን ለመፍታት ከጀርባዋ ስትታገል ቋጠሮው አልላላ አላት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያበላኋቸው እኔ ነኝ። አልበላ ያለችውን ተረት እያወራሁ ነው ያበላኋት።»

ባለኩሬው ተነሥቶ ቋጠሮውን ፈታላት። እሷም ዞር ብላ ትከሻውን ያዘችው።

«አንተ ያን ቀለም ቀቢ ምን በደልከው ግን? አሥር ዓመት የጎረቤት ዓሣ ሲበላ የኖረ ሰው! ባለሙያዋ ቦዩ ከሱ ነው የሚወርደው ስላለች የልጆቹ አባቶች ወደሱ ወጥተዋል። መንገድ ላይ አስቁመው፣ ሰው እያየው፣ ልክ ልኩን ነግረውታል አሉ። እግዜር ይይለት። አንተ አይዞህ፣ ኩሬው ይተካል። ዋናው አንተ ነህ።»

የሚያጽናና እጅ እንዲህ እንደሚያቃጥል ባለኩሬው ከዚያ በፊት አያውቅም ነበር። ሚስቱ የሞተች ለት ስንት ሰው ትከሻውን ይዞታል፤ አንዱም አላቃጠለውም። አሁን ልናገር አለ በልቡ። አሁን፣ እጇ ትከሻዬ ላይ እያለ። ቀጥሎ ግን እጇን ስታነሣ ታየው፤ እጇ ቀስ ብሎ ከትከሻው ሲነሣ፣ ፊቷ ሲለወጥ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ይኸን ሁሉ አያስብም ነበር። እሱ አሰበው፤ እያሰበም ዝም አለ፤ ስለዚህ ከዓይን አውጣውም የባሰ ሆነ።

የልጅ ልጁ ይኸን ጊዜ ከዕቃ ማስቀመጫው ሥር ገብታ ትንሿን የቆርቆሮ ሳህኗን ጎትታ አወጣች። ከሰው ሁሉ መሐል አብልጣ የምትወደው አያቷን ነው። ፊቱ መጥታ ቆማ ሳህኗን በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ጉበ» አለች።

በቤቱ የነበረው ወግ ይኸ ነው። ዓሣ በታረደ ቁጥር ጉበቱ የሷ ነው። ሌላ ማንም አይነካውም። ባለኩሬው ራሱ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ትንሽ ጨው ነስንሶ በዘይት ጠበስ ጠበስ አድርጎ ይሰጣታል፤ «ደም ይሆናታል» ይላል፤ ስትበላ አፏን እያየ እሱ ይጠግባል። ልጅቷ የምታውቃቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኩዮቿ ዘፈን ሲያወርዱ እሷ እማ፣ አባባ፣ ውሃ፣ ጉበ ላይ ቆማለች። ቤተ ሰቡ ሲስቅበት ኖሯል። አያቷን ነው የወጣችው፣ ቁጥብ ናት፣ ስትጀምር ደግሞ ማን ያስቆማታል፣ ይባል ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም።

እናቲቱ ሳህኑን ከእጇ ቀስ ብላ ወሰደችው። «ዛሬ የለም እናቴ።» ከዚያ ለአባቷ ሳይሆን ለሳህኑ ይመስል፣ «ከሁሉ የባሰው ጉበቱ ነው ብለዋል አይደል?» አለች። «እኔ ነኝ። እኔ እናቷ ነኝ፣ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ነገ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። ምን እላቸዋለሁ? ምን ስታበያት ነበር ሲሉኝ ምን እላለሁ?»

«አንቺ አይደለሽም» አለ ባለኩሬው።

«ማን ነው ታዲያ?»

መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ አልነበረም። ልጇን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ባለኩሬው ሳህኑ የነበረበት ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል ሰው ሲያፍር። እሱ ግን መሬት ምን እንደምትውጥና ምን መልሳ እንደምታወጣ ያውቅ ነበር።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ከአጥሩ ማዶ ያለው ቀለም ቀቢው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አንኳኩቶ አያውቅም። ሰፈሩ ቀስተ ደመና ነው የሚለው። ቀይ፣ ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም በጥፍሩ ሥር ገብቶ ስለቀረ፣ ሬሳዬን ስታጥቡ ታግሳችሁ እሹኝ ይል ነበር እሱ ራሱ። በየቀኑ ሥራውን ዘግቶ ሲወርድ በሩን በእግሩ ገፋ ያደርግና፣ «ባለኩሬው! ዓሣዎችህ ዛሬም ሰላምታ አልመለሱልኝም፣ ባለቤታቸውን ነው የመሰሉት» ብሎ ይገባል። ቀልዱ አንድ ነው። ለአሥር ዓመት ሁለቱም ስቀውበታል።

ዛሬ ባለኩሬው እስኪከፍትለት ጠበቀ። አካፋ ይዟል። የሸሚዙ አንገት ላይ አንድ ቁልፍ ተበጥሷል፤ እዚያው ክሩ ተንጠልጥሏል።

«ልግባ?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው? ግባ እንጂ።»

ገብቶ አልተቀመጠም። አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። «ጧት ሲነግሩኝ ካድኩ» አለ። «ከዚህ አይወጣም፣ እኔ እጣቢዬን በበርሜል ነው የማጠራቅመው ብዬ ጮህኩባቸው። ማልኩም። ሲሄዱ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አምና ክረምት በርሜሉ ሞልቶብኝ ሁለት ቀን የመርጫውን እጣቢ ቦዩ ውስጥ ደፍቻለሁ። ሁለት ቀን ብቻ። ዝናቡ ይወስደዋል አልኩ። ወዴት እንደሚወስደው አላሰብኩም።» ቀና አለና አየው። ዓይኑ ቀልቷል። «ይቅር በለኝ ወንድሜ። አንተም ልጅ አለህ፣ እኔም አለኝ፤ የኔዎቹም ከዚሁ ኩሬ ነው የበሉት። ሱቁን ዘግቻለሁ። አሁን ቦዩን ከኩሬህ ላወጣልህ ነው የመጣሁት። የቀረውን የምትለኝን አደርጋለሁ።»

ባለኩሬው ከሸሚዙ ላይ የተንጠለጠለውን ክር አየ። ይህ ሰው፣ በማያውቀው ነገር ሲዋረድ የዋለ ሰው፣ መጥቶ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ይቅር ብዬሃለሁ ቢለው ሌባ ነው፤ ይቅር አልልህም ቢለው ደግሞ ከሌባም በላይ ነው። ሁለቱንም አላለም።

ቀለም ቀቢው ዝምታውን እንደ ንዴት ቆጥሮ ራሱን ነቀነቀ። ቦዩን እየተከተለ በአጥሩ ጥግ ወረደና ከታችኛው ግድብ ላይ ቆመ። «በዚህ በኩል ብንቀደው ውሃው ወደ መንገዱ ይወርዳል። ኩሬውን አይነካውም» አለ። ከአፈሩ ላይ ሣሩን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ። ልኩ እዚያ ነው። ጆንያዎቹ ያሉት ልኩ እዚያ ነው።

በላይ በኩል ይሻላል ማለት ይችል ነበር። ሦስት ቃል ነች። እዚያ ድንጋይ አለ፣ አይቆፈርም ቢለው ሰውዬው ያምነው ነበር፤ ዛሬ የተባለውን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው። ባለኩሬው ያን አላለም። ይኸን እንደ ድፍረት ሊቆጥረው አይገባም፤ እውነቱንም አልተናገረም። አፈሩ ይናገርልኝ ብሎ ቆመ።

አካፋው ገባ። ቀይ ሸክላ ወጣ። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ፤ ለስለስ ያለ፣ ከባድ ነገር ውስጥ የገባ ድምፅ። ቀለም ቀቢው አካፋውን ሲያነሣው ወገቡ ጎበጠ። የወጣው ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ የበሰበሰ የጆንያ ክር የተሰካበት።

ተንበረከከ። በመዳፉ ዘገነው። ሠላሳ ዓመት ከቀለም ጋር የኖረ ሰው ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይኸ ቀለም እንዳልሆነ ሽታው ብቻ ይነግረው ነበር። ዛሬ ግን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አምኗል፤ እንዲህ ያመነ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ጥፋት ሁሉ የኔ ነው ብሎ ያነሣል።

«አምላኬ» አለ በቀስታ። «እዚህ ድረስ ገብቷል? የኔ ሁለት ቀን እዚህ ድረስ?»

ባለኩሬው ይኸን ጊዜ ወረደ። ግድቡን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። አጠገቡ ተንበርክኮ እጁን ከጥቁሩ ጭቃ ውስጥ እስከ አንጓው ከተተና ፈተሸ። እጁ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የፈተሸው ነው። አንድ ፕሌት ይዞ ወጣ። እንደ ወንፊት የተቦረቦረ፣ ጆሮው ያልተሰበረ፣ ትናንት የተቀበረ የሚመስል።

«ቀለም አይደለም» አለ። «ባትሪ ነው። ከገበያ ሱቄ ተሸክሜ አምጥቼ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ኩሬውን በላዩ የቆፈርኩትም እኔ ነኝ። አምና ሸክላው ሲበላ አይቼ ውሃ የሞላሁበትም እኔ ነኝ። ያንተን ሁለት ቀን እንጃ፤ ይኸ ግን የኔ ነው።»

ቀለም ቀቢው ፕሌቱን አየ፤ ከዚያ እሱን አየ። ገና አልገባውም ነበር፤ ወይም ገብቶት እንዳይገባው ይታገል ነበር።

«ጧት ባለሙያዋ ከየት ይመጣል ስትለኝ ወደ ጣሪያህ አየሁ» አለ ባለኩሬው። ከሁሉ የከበደው ይኸኛው ነበር፤ ከጆንያዎቹ ሁሉ። «አፌ አልተናገረም። በዓይኔ ነው አሳልፌ የሰጠሁህ። አውቄ ነው።»

ቀለም ቀቢው የዘገነውን ጭቃ ለቀቀው። መዳፉን በሱሪው ጠረገ። አንዴ ጠርጎ አልበቃውም፤ ደግሞ ጠረገ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው ያለው።

«ልጆቼ ፊት ነው የሰደቡኝ» አለ።

ተነሣ። አካፋውን የተሰካበት ተወው። በበሩ ሲወጣ አልዘጋውም።

ባለኩሬው ዘወር ሲል ሴት ልጁ ከጓሮው በር ላይ ቆማለች፤ ልጇን በጎኗ ታቅፋለች። ምን ያህል እንደቆመች አላወቀም። ፊቷን ሲያይ ግን ከመጀመሪያው እንደሰማች ገባው።

«ወረቀቱ ጥግ ላይ ስልኳ አለ» አላት። «ደውይላት። እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት። ነገም ሐኪም ቤት አብሬሽ ሄጄ የምናገረው እኔ ነኝ።»

አልተንቀሳቀሰችም። ብዙ ነገር ትጠይቀዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ለብዙውም መልስ አዘጋጅቶ ነበር። የጠየቀችው አንድ ብቻ ነው።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

አታውቅም ነበር ሊላት ይችል ነበር። ሟች አይመሰክርም። ደግሞም ለሟች ክብር የሚዋሽ ውሸት ኃጢአቱ ቀላል ነው ይባላል። ባለኩሬው የሚስቱን እግር በዓይነ ሕሊናው አየ፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ የውሃ ማሰሮ ይዛ፣ ጣቶቿን አፈር እንዳይነካቸው ሰብስባ።

«አርቀው ብላኝ ነበር» አለ።

ሴት ልጁ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ ሲጠረጥሩት የኖሩት ነገር ሲነገራቸው ሰዎች እንደሚነቀንቁት። ከዚያ ልጇን ወደሱ ከዞረው ጎኗ አንሥታ ወደ ማዶኛው ጎኗ አዛወረቻት። ሕፃኗ በእናቷ ትከሻ ላይ ብቅ ብላ አያቷን ፈለገችው፤ እጇን ዘረጋችለት።

«አባባ» አለች።

እጁን ሊሰጣት አነሣው። እስከ አንጓው ጥቁር ነው፤ በጣቶቹ መሐል እየተንጠባጠበ ነው። ልታጠብ ብሎ፣ እንደ ወትሮው፣ ወደ ኩሬው ጎንበስ አለ። ጥላው ውሃው ላይ ሲያርፍ ዓሣዎቹ ከያሉበት መጡ፤ ጧት ያልበሉትን ሊበሉ አፋቸውን ከፍተው እጁን ጠበቁት። እጁ ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቆመ።